ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ
ቤተሰብ ይዞ ወደ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚመጣ



ዐረቦች «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» ይላሉ። የአገራችንም ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል። ሁለቱንም አባባሎች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። እውነትነታቸው በደንብ የገባን ግን ባለፈው ዓመት ጓዛችንን ጠቅልለን፣ ሦስት ልጆች ይዘን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በመጣን ጊዜ ነው።

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከድሬዳዋና ከጅማ የሚደውሉልን ዘመዶችና ወዳጆች ጥያቄ ነው። «እኛም ልንመጣ አስበናል። የትኛው ሰፈር ይሻላል? ኪራዩስ ይቻላል?» ይሉናል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። በመሆኑም ቤት ፍለጋ የዞርንባቸውን የነፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች አንድ በአንድ አንስተን፣ የተሳሳትንበትንም ሳንደብቅ ለአንባቢ ልናካፍል ወደድን።

አምስቱ ጥያቄዎች

ሙስሊም ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው መርካቶን፣ ኮልፌንና ቤተልን ነው። መስጂዱም፣ መድረሳውም፣ ዘመድ አዝማዱም እዚያ ስላለ አያስገርምም። እኛም የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍነው ኮልፌ በሚኖሩ የአጎታችን ቤት ነበር። ይሁን እንጂ የማስተማር ሥራ ያገኘነው በጀርመን አደባባይ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቻችንም እዚያው እንዲማሩ ተፈቅዶልን ስለነበር ቤቱን በዚያው አቅጣጫ መፈለግ ግድ ሆነ።

እኛ ያሰብነው ስለ ኪራዩ ብቻ ነበር። «ከደመወዛችን ሲሶ ካልበለጠ እንገባለን» አልን። የልጆቻችን እናት ግን ከልጆቹ ደብተር አንድ ገጽ ቀድዳ አምስት ጥያቄዎች ጻፈች፦

1. ልጅ ብቻውን፣ በእግሩ፣ መስጂድና መድረሳ መድረስ ይችላል ወይ?
2. ወደ ትምህርት ቤት በስንት ታክሲ ይደረሳል?
3. ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?
4. ኪራዩና የታክሲው ወጪ ተደምረው ስንት ይሆናሉ?
5. ጎረቤቱ ማን ነው?

«ቤቱን የምታዩት እናንተ ማታ ስትገቡ ነው፤ ሰፈሩን ቀኑን ሙሉ የምንኖርበት እኔና ልጆቹ ነን» አለችን። እውነቷን ነበር። ወረቀቷ በኪሳችን ሆና በየሰፈሩ ዞረች።

ስለ ክፍለ ከተማው ጥቂት

ነፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ቂርቆስ፣ ልደታ፣ ቦሌ፣ አቃቂ ቃሊቲና ኮልፌ ቀራንዮ ያዋስኑታል። በታች በኩል ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይገናኛል። «ነፋስ ስልክ» በዱሮ አማርኛ ያለ ሽቦ የሚሠራውን ቴሌግራፍ፣ ማለትም የሬዲዮውን መልእክት ማስተላለፊያ ያመለክታል። «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ስሙ የሰፈሩን ሁለት መልክ ይናገራል ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ፋብሪካና አውራ ጎዳና፣ በሌላው ወገን ትናንት የእርሻ መስክ የነበረና ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሜዳ አለ።

ሳሪስና አደይ አበባ

መጀመሪያ ያየነው በደብረ ዘይት መንገድ ያሉትን ሰፈሮች ነው። መንገዱ ከጎተራ ተነስቶ በነፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር በዚሁ መስመር ይሄዳል። መርካቶ ወይም ፒያሳ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳሪስ የቆየ ሰፈር ነው። ገበያው የሞቀ፣ ሰዉ የሚተዋወቅ ነው። ያገኘነው ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ የነበረ የሰርቪስ ክፍል ሲሆን ኪራዩ ከሲሶ በታች ነበር። ዙህርን በአቅራቢያው በሚገኝ መስጂድ ሰግደን ስንወጣ ልባችን ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ግቢው አምስት ተከራይ ቤተሰብ ነበረበት፤ መጸዳጃው አንድ ነው። አከራይዋ ወይዘሮ «እንግዳ አያድርም፤ ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ ነው፤ መብራት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይጠፋል» አሉን። ዘመድ በመጣ ቁጥር ፈቃድ እየለመኑ መኖር ለእኛ ለወሎ ልጆች ከባድ ነው። ደግሞም ባቡሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሄድ ትምህርት ቤታችን በምዕራብ ነው። በቀን ሁለት ታክሲ ሄዶ ሁለት ታክሲ መመለስ ማለት ነው። ሳሪስን አመስግነን ተሰናበትን። ሥራው በዚያው መስመር ለሆነ ቤተሰብ ግን ከልብ እንመክራለን።

ከጎፋ እስከ መካኒሳ

ጎፋ ለመሐል ከተማ የቀረበ፣ መንገዱ የተስተካከለ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ ከጀሞ ይልቅ ለሥራ ቦታ ይቀርባሉ፤ ዋጋቸውም ይህንኑ ያውቃል። ደላላው የጠየቀን ኪራይ የደመወዛችንን ሦስት አራተኛ የሚወስድ ነበር። ወጣት ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኛ ከሆኑ ይችሉት ይሆናል።

ከዚያው አቅራቢያ ቄራ አለ። በከተማው የእርድ ድርጅት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ በየራሱ ይከናወናል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። አዲስ በገባበት ሰፈር ሁሉ የጨረቃ ምልክት ያለበት ሥጋ ቤት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ። አንዳንዱ ሰፈር ላይ ሥጋ ቤቱ በየማዕዘኑ ሞልቶ የሙስሊሙ ግን አንድም የማይገኝበት ጊዜ አለ።

መካኒሳ ዛፍ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በዚያ ያልፋል። በዳርና ዳሩ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ወንዙ ከላይ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክሞ ስለሚወርድ በእሱ ውኃ የለማውን አትክልት ጥሬውን መብላት አያስተማምንም። እናቶች በደንብ አጥበው፣ አብስለው ቢሰጡ ይመረጣል።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን የታወቀ ትምህርት ቤት የሚገኘውም መካኒሳ ነው። እዚያ ያገኘናቸው አንድ የአገራችን ሰው ለዚሁ ብለው ከወሎ ተነስተው ሰፈሩን መርጠዋል። «ቤቱ ጠባብ ነው፤ ኪራዩም ያቃጥላል። ልጄ ግን እጇን እያንቀሳቀሰች ፋቲሓን ታሳየኛለች» አሉን። ይህን የሰማን ዕለት ማታ ስለ ሌላ ቤት ለማውራት አንደበት አጣን። ሰው ሰፈር የሚመርጠው ለልጁ የሚበጀውን አስቦ መሆኑን ከእሳቸው ተማርን።

ለቡ፣ ላፍቶና ኃይሌ ጋርመንት

ለቡና ላፍቶ ባለፉት ዓመታት ቪላና አፓርታማ የሞላባቸው ሰፈሮች ናቸው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎቱን የሚሰጠው ከለቡ ጣቢያ ተነስቶ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣ ቤተሰብ በባቡር ከመጣ የመጀመሪያ እግሩ የሚያርፈው እዚህ ነው ማለት ነው። አቅሙ ላለው ሰፊና ንጹሕ ሰፈር ነው። የእኛን አቅም ግን ገና ከበሩ የሚያሳፍር ሆኖ አገኘነው።

ኃይሌ ጋርመንት ሌላ መልክ አለው። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄዶ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደዚህ ተዛውሯል። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ድንቹ ከጅምላው ቦታ ስለሚገዛ ብዙ ልጅ ላለው ቤተሰብ ቁጠባው ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል የጭነት መኪናው ግርግር፣ የክረምቱ ጭቃና የሌሊቱ ጩኸት አለ። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ቀለበት መንገዱ እነዚህን ሰፈሮች ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል። መስጂዱ በዐይን እየታየ መሻገሪያው ሩቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርቀትን በዐይን ሳይሆን በልጅ እግር መለካት ያሻል።

ከፉሪ የተመለስንበት ቀን

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ። ሦስት ሳምንት ዞረን በደከመን ጊዜ አንድ ደላላ «መምህር፣ ለምን በኪራይ ትቃጠላላችሁ?» ብሎ ከክፍለ ከተማው ድንበር አልፎ ወደ ፉሪ ወሰደን። ሁለት ክፍል ቤት፣ ሰፊ ግቢ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ለበግ ማሰሪያ የሚሆን ጥግ ሳይቀር ነበረው። ለመከራየት ብንፈልግ ዋጋው የጎፋውን ሲሶ አያህልም። ከፈለግን ደግሞ ከጎኑ ያለውን ቦታ በውል መግዛት እንችላለን። እናታችን ከደሴ የሰጡን የከብት ሽያጭ ገንዘብ ነበረ። ገንዘቡ ለዚያ ቦታ የተለካ ይመስል ነበር። ልባችን ሸፈተ።

«ካርታ አለው?» ብለን ጠየቅን።

«ካርታው በሂደት ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚሁ ነው» አለ።

ፉሪ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ነው። በዚያው ዓመት በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው ተብለው በርካታ ቤቶች መፍረሳቸውን፣ መስጂዶችም አብረው መፍረሳቸውና ሙስሊሙን ክፉኛ ማሳዘኑ አይረሳም። ቤት የፈረሰበት ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም፣ የልጆቹን መድረሳም ነው ያጣው። ካርታ የሌለውን ቦታ መግዛት የእናትን ገንዘብ በነፋስ ላይ መበተን መሆኑን አስበን ግዢውን ተውነው። ኪራዩ ግን ከልባችን አልወጣም።

ያኔ የልጆቻችን እናት «ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን ልክ እንደምትኖሩበት ሆናችሁ ሂዱበት» አለች። እኛም በሥራ ቀን ታላቋን ልጃችንን ይዘን ከትምህርት ቤት በር በ9፡30 ተነሳን። የመጀመሪያው ታክሲ ወረፋ ረጅም ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ባጃጅ ይዘን ወደ ቤቱ በር ስንደርስ ሰዓታችን 11፡10 ይላል። ልጃችን ቦርሳዋን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

እዚህ ላይ አንባቢ የእኛን ስሌት ይመልከትልን። በአዲስ አበባ ዐስር የሚገባው ከ9፡30 በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። መግሪብ ደግሞ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ጥቂት ካለፈ ጀምሮ እስከ 12፡50 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። የአገራችን ልጅ ቁርኣን የሚቀራው በነዚህ በሁለቱ ሶላቶች መካከል ነው። እኛ ራሳችን የቀራነው በዚያች ሰዓት ነው። ጠዋት ዘመናዊ ትምህርት፣ ከዐስር በኋላ ኡስታዝ ዘንድ፣ ማታ ኩራዝ። ታላቋ ልጃችን ደሴ ሳለች ጁዝ ዐምማን ጨርሳ ሱረቱል ሙልክን ጀምራ ነበር። ያ የሰፊ ግቢ ቤት የሚጠይቀን ኪራይ ከገንዘብ ይልቅ ይህች የዐስርና የመግሪብ መካከል ሰዓት ነበረች። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ታክሲ ውስጥ ከቀለጠ ሒፍዙ በምን ሰዓት ይሆናል?

የታክሲው ሒሳብም አለ። ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተሳፍሮ መሄድ፣ ሦስት ጊዜ ተሳፍሮ መመለስ ስድስት ነው። እኛና ሁለቱ ተማሪ ልጆቻችን ሦስት ነን። በቀን 18፣ በ22 የትምህርት ቀን 396 ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ያን በኪራዩ ላይ ደምረን ስናየው «ርካሹ» ቤት ርካሽ አልነበረም። ማታ ለደላላው ደውለን «አላህ ይስጥልን፤ አይሆነንም» አልነው።

ጀሞ

መጨረሻ ላይ ያረፍነው ጀሞ ነው። ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ተብለው የሚጠሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮች መንግሥት ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የተሠሩ ናቸው። ሕንፃዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። በየብሎኩ መካከል ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ ቤት አለ። ሲታቀድ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በበዓል እንዲታረድበት ነው። አንዳንዱ ቦታ ለሌላ ሥራ ስለተከራየ፣ ቤት የሚያይ ሰው ኮሚናሉ ክፍት መሆኑን ይጠይቅ። ዒድ አልአድሓ በመጣ ጊዜ ጥቅሙ ይታያል።

ወረቀቷን አውጥተን መለስን። መስጂድና መድረሳ በልጅ እግር አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በመካከሉ የሚሻገሩት ትልቅ መንገድ የለም። ትምህርት ቤት በአንድ ታክሲ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ በረንዳ ላይ ሮቶ ማስቀመጥ ግድ ይላል። ኪራዩ ከሲሶው ትንሽ ያልፋል፤ ነገር ግን ታክሲው ሲደመር ከሁሉም ያነሰው እሱ ሆነ።

ጉድለቱንም እንናገር። ያገኘነው አራተኛ ፎቅ ነው። ታችኞቹ ወለሎች ኪራያቸው ይበልጣል። እናታችን ደሴ ብቻቸውን ናቸው። ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ነበር ሐሳባችን። በረቢዐል አወል መጥተው ሲጠይቁን ጉልበታቸው ስለማይችል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። «ልጆቼ፣ ቤታችሁ ሰማይ ላይ ነው» ብለው ሳቁ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። አሥር ቀን ቆይተው ተመለሱ። ከሁሉም ነገር በላይ ወላጅን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለብን እያወቅን ለልጆቻችን የመረጥነው ቤት ለእናታችን አልሆነም። አሁንም የምድር ቤት እየፈለግን ነው። አንባቢ ዱዓ ያድርግልን።

ስለ እርምጃ

ጀሞ ከመግባታችን በፊት ከመስጂድ ግድግዳ የተለጠፈ ቤት እንፈልግ ነበር። ሲርቅብን ያጽናናን የበኑ ሰሊማህ ታሪክ ነው። እነዚህ የመዲና ሰዎች መኖሪያቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ የራቀ ስለነበር አጠገቡ ባዶ ቦታ ሲገኝ ወደዚያ ሊዛወሩ አሰቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ባሉበት እንዲቆዩና እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል። እኛም ከዚህ የተረዳነው በእግር የሚደረስበት ርቀት እንደ ኪሳራ የሚቆጠር አለመሆኑን ነው። ልጆቻችን ዛሬ የፈጅርን ሶላት ለመስገድ ደረጃውን ሲወርዱ «ስንት እርምጃ ሆነ?» እየተባባሉ ይቆጥራሉ።

ስለ ውሉ

ደላላውም አከራዩም የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ እንድንከፍል የጠየቁን ቦታ ነበር። ይህን ጊዜ ሕጉን ማወቃችን ረዳን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል። ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው። ቁርኣንም በበቀራህ ምዕራፍ ውስጥ ዕዳና ውል እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆም ያዛል። «ዘመድ ነን፣ ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ማለት ዲናችን አይደለም። የኋላ ኋላ ወንድምነትን የሚያጠፋው ያልተጻፈ ውል ነው።

ቤት ለመግዛት ለሚያስቡም አንድ ቃል እንበል። የኮንዶሚኒየሙ 20/80 ማለት ሃያው እጅ በቁጠባ፣ ሰማንያው እጅ በባንክ ብድር ነው። ብድሩ ወለድ ስላለበት ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ልቡ ሳይረጋ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ሌሎች ባንኮችም የወለድ አልባ መስኮት አላቸው። ከመፈረም በፊት ውሉን ለሚያውቅ ዓሊም ማሳየት ይበጃል።

ስለ ጎረቤቱ

በአራተኛው ፎቅ አራት በሮች ይተያያሉ። አንደኛው የእኛ ነው። ሁለተኛው የጅማ ሙስሊም ቤተሰብ፣ ሦስተኛው የወጣት ባልና ሚስት፣ አራተኛው ልጆቻችን «እማማ» የሚሏቸው ክርስቲያን አዛውንት ናቸው። እኛ ሙስሊም የበዛበት ብሎክ ስንፈልግ ነበር የከረምነው። በገባን በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠፍቶ ልጆቹ ለዉዱእ ሲጨነቁ ጀሪካን ይዘው ያንኳኩት ግን እማማ ናቸው። «ለጸሎት ነው አይደል? ውሰዱ» አሉ።

ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ሲላቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከሁለት ጎረቤት ስጦታ ለማን እንደምትሰጥ ጠይቃ፣ በሩ ይበልጥ ለሚቀርበው ተብላለች። ለእኛ በሩ የሚቀርበው የእማማ ነው። በዒድ ሥጋውን እንደማይበሉ ስለምናውቅ ዳቦና ተምር ላክንላቸው። እናታችን መጥተው ደረጃው ሲያቅታቸው ምድር ቤት በርጩማ ያወረዱላቸው፣ አጠገባቸውም ቁጭ ብለው ስለ ወሎ ያወጓቸው እኝሁ ሴት ናቸው። የብሎኩን ዕድር እንድንመዘገብ ያሳሰቡንም እሳቸው ናቸው። «ሰው አገር ላይ ሞት ሲመጣ ማን ይነሳላችኋል?» አሉን። ተመዘገብን። ጀናዛችንን እንደ ሸሪዓው እኛ እንቀብራለን፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ለቅሶ ደራሹን የማስተናገዱን ሥራ ግን ጎረቤት ይጋራል።

ማጠቃለያ

ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ያሰባችሁ ቤተሰቦች፦ ከመምጣታችሁ በፊት አንዳችሁ ቀድማችሁ ኑና እዩ። ቤቱን በጠዋትና በማታ፣ በሥራ ቀን እዩት። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቱ ልጃችሁን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ሂዱ፤ ሰዓቱን ጻፉ። ኪራዩንና ታክሲውን ደምሩ። የመድረሳውን ኡስታዝ ቦታ መኖሩን ጠይቁ። አዛውንት ካሏችሁ ከሁሉም በፊት ደረጃውን ቁጠሩ። ካርታ የሌለውን ቦታ በምንም ርካሽነቱ አትመኙ። ከዚያም የጎረቤቱን በር አንኳኩና ሰላም በሉ። ሰው ሲመልስላችሁ ፊቱን አይታችሁ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ።

ታላቋ ልጃችን ባለፈው ሳምንት ሱረቱል ሙልክን ጨረሰች። ከመድረሳው ሮጣ መጥታ አራቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣችና የመጀመሪያዋን አንቀጽ በር ላይ ቆማ ቀራች። እማማም በራቸውን ከፍተው ሰሙ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሁላችንም ሷሊሕ ጎረቤት፣ ሰፊ ልብና በረካ ያለው ቤት ይስጠን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።